ለአኳሪየም ክበብ ፍትሐዊ የእርባታ ሽልማት እንዴት ይቀረጻል?

በሰሜን አሜሪካ የሚገኙ የአኳሪየም ክበባት አባሎቻቸው በቤታቸው ያራቧቸውን ዓሦች እየመዘገቡ ነጥብ የሚሰጡበት የቆየ አሠራር አላቸው። በእንግሊዝኛ «ብሪደርስ አዋርድ ፕሮግራም»፣ በአጭሩ «ባፕ» ይሉታል። አባሉ አንድን ዝርያ ያራባል፣ ጫጩቶቹን የተወሰነ ዕድሜ እስኪደርሱ ያሳድጋል፣ ሌላ ሰው አይቶ ያረጋግጥለታል፣ ክበቡም እንደ ዝርያው አስቸጋሪነት ነጥብ ይሰጠዋል፤ ነጥቡ ሲጠራቀም የምስክር ወረቀትና ማዕረግ ይከተላል። ደንቡ በጥንቃቄ ካልተጻፈ ግን ይህ መልካም አሠራር የቅሬታ ምንጭ ይሆናል። ሰፊ ምድር ቤትና በርካታ ገንዳ ያለው አባል በየዓመቱ ሲሸለም፣ በአንድ ክፍል አፓርታማ ሁለት ገንዳ ይዞ አስቸጋሪ ዝርያ ያራባው ደግሞ ስሙ ሳይነሳ ሲቀር፣ ብዙዎች መመዝገቡን እየተዉት ይሄዳሉ።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው አዲስ ክበብ ለሚያቋቁሙ ወይም በነባር ክበብ ኮሚቴ ውስጥ ለሚያገለግሉ ሰዎች ነው። መነሻ አቋሙ ፍትሐዊ ሽልማት የሚለካው ሙያን እንጂ የገንዳ ብዛትን አይደለም፣ ሙያውም ለክበቡ የሚጠቅመው እውቀቱና ጫጩቱ ለሌሎች አባላት ሲተርፍ ነው የሚል ነው። ከዚህ በታች የሚቀርበው እያንዳንዱ ደረጃ ከዚህ አቋም የሚነሳ ነው።

ደረጃ 1፦ ዓላማውን በጽሑፍ ወስኑ

ነጥብ ከማውጣታችሁ በፊት ሽልማቱ ለምን እንደተቋቋመ በአንድ ወይም በሁለት ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ በጠቅላላ ጉባኤ አጽድቁት። ለምሳሌ «አባላት የዓሣ ማራባት ሙያ እንዲያዳብሩ፣ ያገኙትን ልምድ እንዲያካፍሉና በቤት እርባታ የተገኙ ጤናማ ዓሦች በአባላት መካከል እንዲዳረሱ ለማበረታታት» የሚል ሊሆን ይችላል። ኋላ ላይ ክርክር ሲነሳ ኮሚቴው የሚመለሰው ወደዚህ ዓረፍተ ነገር ስለሆነ፣ በቃለ ጉባኤ ሰፍሮ መገኘት አለበት።

ደረጃ 2፦ «ተራባ» የሚባለው መቼ እንደሆነ ግለጹ

አብዛኛው አለመግባባት የሚነሳው ከዚህ ነው። እንቁላል መጣል ብቻውን እርባታ ተብሎ ሊመዘገብ አይገባም፤ ብዙ ዝርያዎች ገንዳቸው ሲመቻቸው ያለ ባለቤቱ ጥረት እንቁላል ይጥላሉና። እውነተኛው ፈተና የሚመጣው ጫጩቷ ከእንቁላል ይዛው የወጣችው አስኳል አልቆ የራሷን ምግብ መፈለግ ስትጀምር ነው። በዚያን ጊዜ ለአፏ የሚመጥን ሕያው ምግብ ካልቀረበላት ታልቃለች። ስለዚህ ክበባት ጫጩቶቹ 30 ቀን፣ አንዳንዶቹም 60 ቀን እንዲሞላቸው ይጠይቃሉ። እኔ 60 ቀን የተሻለ ነው እላለሁ፤ በዚህ ዕድሜ የብዙ ዝርያዎች ጫጩት የወላጁን መልክ መያዝ ስለሚጀምር አረጋጋጩ የሚያየውን በሚገባ ሊለይ ይችላል።

ቀኑ ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠርም በግልጽ ጻፉ። እንቁላል ከተጣለበት ቀን ከጀመራችሁ ዝርያዎችን እኩል አትመዝኑም። በምሥራቅ አፍሪካ ዝናብ ጠብቀው በሚሞሉ ኩሬዎች የሚኖሩት የኖቶብራንኪየስ ዝርያዎች እንቁላላቸው በእርጥብ የእጽዋት ብስባሽ ውስጥ ለሳምንታትና ለወራት ተቀምጦ ነው የሚፈለፈለው። ጋፒ የምትባለው ትንሽ ዓሣ በበኩሏ አንድ ወር ገደማ አርግዛ የሚዋኝ ጫጩት ትወልዳለች። ስለዚህ ለሁሉም የሚያገለግለው መነሻ ጫጩቶቹ በራሳቸው መዋኘት የጀመሩበት ቀን ነው።

ወላጆቹ የአባሉ መሆናቸውም መረጋገጥ አለበት። እንደ ጋፒ ያሉ ጫጩት የሚወልዱ ዓሦች አንድ ጊዜ ከወንድ ጋር ከተጋቡ በኋላ የወንዱን ዘር በሰውነታቸው አቆይተው ለወራት ተከታታይ ጫጩት ሊወልዱ ይችላሉ። አፏ ውስጥ እንቁላል የያዘች የማላዊ ሐይቅ ዓሣም ከሱቅ ተገዝታ በሳምንቷ ጫጩት ልትተፋ ትችላለች። እርጉዝ ገዝቶ ማዋለድ የማራባት ሙያን አያሳይም። በመሆኑም ወንዱም ሴቷም በአባሉ ገንዳ መጋባታቸው እንዲረጋገጥ፣ ተገዝታ የመጣች ሴት የመጀመሪያ ወሊዷ እንዳይቆጠር፣ ዘር ለሚያቆዩት ዝርያዎች ደግሞ ሴቷ ከወንድ ተለይታ ካደገች ወይም ከጫጩትነቷ ጀምሮ በአባሉ እጅ ካደገች ብቻ ነጥብ እንዲሰጥ ደንግጉ።

ስለ ጫጩቶቹ ቁጥር ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። ቢያንስ ስድስት መሆናቸው በቂ ነው፤ በታንጋኒካ ሐይቅ እንደሚኖረው ትሮፊየስ ባሉ፣ በአንድ ጊዜ ጥቂት ጫጩት ብቻ በሚያፈሩ ዝርያዎች ላይ ኮሚቴው ቁጥሩን ዝቅ የማድረግ ሥልጣን ይኑረው።

ደረጃ 3፦ ነጥቡን በችግሩ ልክ መድቡ

የፕሮግራሙ እምብርት ይህ ነው። አራት እርከኖች ይበቃሉ፦ 5፣ 10፣ 15 እና 20 ነጥብ። ከዚያ በላይ ሲከፋፈል በ12 እና በ13 ነጥብ መካከል ያለውን ልዩነት ማንም ማስረዳት ስለማይችል ክርክር ብቻ ይበዛል።

እርከኑን ለመወሰን ኮሚቴው ስለ እያንዳንዱ ዝርያ ሦስት ጥያቄዎችን ይጠይቅ። የመጀመሪያው ጥንዶቹ እንዲጋቡ የተለየ ውሃ፣ የተለየ ሙቀት ወይም የወቅት ለውጥን የሚመስል ዝግጅት ያስፈልጋቸዋል ወይ? የሚል ነው። ሁለተኛው እንቁላሉንና ጫጩቱን በሕይወት ማቆየት ምን ያህል ይከብዳል? ሦስተኛው ደግሞ አስተማማኝ የአረባብ መረጃ በቀላሉ ይገኛል ወይስ አባሉ ራሱ ፈትኖ ማወቅ ይኖርበታል? የዓሣው ዋጋና ብርቅነት ከጥያቄዎቹ ውስጥ እንዳልገባ ልብ በሉ። ውድ ዓሣ ነጥብ የሚያስገኝ ከሆነ ሽልማቱ ለገንዘብ እንጂ ለሙያ አይሆንም።

በጥያቄዎቹ ጥቂት ዝርያዎችን እንመዝን። ጋፒ ሦስቱንም በቀላሉ ስለሚያልፍ 5 ነጥብ ይበቃዋል። አንሲስትረስ የሚባለው ጢማም ካትፊሽ ጠባብ ዋሻ ሲያገኝ በፈቃዱ ይራባል፣ እንቁላሉን የሚጠብቀውም ወንዱ ነው፤ ጫጩቶቹ ግን በአግባቡ መመገብ ስላለባቸው 10 ነጥብ ይገባዋል። ኤንጅልፊሽ ለመጣል ብዙም አይቸገርም፤ ነገር ግን ጥንዶቹ እንቁላላቸውን ደጋግመው ይበላሉ፣ ከወላጆቹ ሲለይ ደግሞ ሻጋታ ይይዘዋል፤ ስለዚህ 10 ወይም 15 ይሆናል። ዲስከስ ሌላ ፈተና አለው። ጫጩቶቹ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚመገቡት ከወላጆቻቸው ቆዳ የሚመነጨውን ልጋግ በመሆኑ አባሉ ጥንዶቹን ሳይረብሽ ውሃውን እጅግ ንጹሕ አድርጎ መያዝ አለበት፤ 20 ነጥብ ይገባዋል።

ኒዮን ቴትራን ለየት አድርገን እንየው፤ ዋጋ ችግርን እንደማያሳይ ከእሱ የተሻለ ማስረጃ የለም። በየሱቁ በርካሽ ይሸጣል፤ ይሁንና በቤት ለማራባት የሚሞክር ሰው ማዕድን የሌለው ሊባል የሚችል ለስላሳና አሲዳማ ውሃ ማዘጋጀት፣ ጥንዶቹ እንደጣሉ ከገንዳው ማውጣት፣ እንቁላሉም ጫጩቱም ብርሃን ስለማይችሉ ገንዳውን በጨርቅ ሸፍኖ ማቆየት፣ ቀጥሎም በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን ጫጩቶቹን መመገብ ይጠበቅበታል። ይህን የተወጣ አባል ሙሉ 20 ነጥብ ሊያገኝ ይገባል። ሠንጠረዡን ያወጣው ኮሚቴ ዋጋውን አይቶ 5 ቢሰጠው ሙያ የሚያውቁት አባላት ያን ዕለት በፕሮግራሙ ላይ ያላቸውን እምነት ያጣሉ።

ሠንጠረዡን ከሌላ ክበብ እንዳለ አትቅዱት። አንድ ዝርያ በአንድ ከተማ ቀላል፣ በሌላው ከባድ የሚሆነው በቧንቧ ውሃ ምክንያት ነው። የታንጋኒካና የማላዊ ሐይቅ ዓሦች አልካላይን (የአሲዳማ ተቃራኒ የሆነ) ውሃ ይስማማቸዋል፤ የአማዞን ዓሦች ብዙዎቹ ተቃራኒውን ይፈልጋሉ። በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ አካባቢ የጉድጓድ ውሃ በአብዛኛው አልካላይን በመሆኑ፣ በዚያ አካባቢ ክበብ ቢቋቋም ለአማዞን ቴትራዎች የሚሰጠው ነጥብ የቧንቧ ውሃው ለስላሳ በሆነ ከተማ ከሚሰጠው ከፍ ማለት ይኖርበታል። ኮሚቴው በመጀመሪያው ስብሰባ የአካባቢውን ውሃ ፒኤች (አሲዳማ ወይም አልካላይን መሆኑን የሚያሳየውን ልኬት) እና የማዕድን መጠን ለክቶ ከሠንጠረዡ ራስጌ ላይ ያስፍር።

አንድ አባል ከአንድ ዝርያ ነጥብ የሚያገኘው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ቀይ ጋፒ፣ ሰማያዊ ጋፒ፣ ቢጫ ጋፒ እየተባለ እንዲደረብ ከተፈቀደ በአንድ ዝርያ ማዕረግ የሚያገኝ ሰው ይፈጠራል። በተፈጥሮ ተለያይተው የሚኖሩ የአንድ ዝርያ ሕዝቦች፣ ለምሳሌ ከታንጋኒካ የተለያዩ ዳርቻዎች የመጡ ትሮፊየሶች፣ ሳይቀላቀሉ መጠበቃቸው ጠቃሚ ስለሆነ ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ግማሽ ነጥብ ቢሰጥ ሚዛናዊ ይመስለኛል።

ደረጃ 4፦ ለተመናመኑ ዝርያዎች ጭማሪ ስጡ፣ ለዲቃላ ነጥብ ከልክሉ

የአኳሪየም አፍቃሪዎች አንዳንድ ዝርያዎችን ከመጥፋት እንዳተረፉ ማስረጃ አለ። በሜክሲኮ ቴውቺትላን ወንዝ ብቻ ትገኝ የነበረችው ዙጎኔቲከስ ተኪላ የተባለች ትንሽ ዓሣ ከተፈጥሮ ቦታዋ ጠፍታ የቀረችው በአኳሪየም ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 በእንግሊዝ የሚገኘው የቼስተር መካነ እንስሳት በአፍቃሪዎች እጅ ተጠብቀው ከኖሩት መካከል አምስት ጥንዶችን ለአንድ የሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ላከ፤ ዩኒቨርሲቲውም አራብቶ ከዓመታት ዝግጅት በኋላ ወደ ወንዙ መልሷታል።

ስለዚህ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ «አደጋ የተጋረጠባቸው» ተብለው ለተመዘገቡ ዝርያዎች 5 ተጨማሪ ነጥብ ስጡ። ሁለት ቅድመ ሁኔታዎች ግን ይኑሩት። የዓሦቹ መነሻ ቦታና ያለፉባቸው እጆች በጽሑፍ ይታወቁ፤ ጫጩቶቹም ቢያንስ ለሌላ አንድ አባል ይድረሱ። በአንድ ሰው ገንዳ ብቻ የቀረ ዝርያ ማሞቂያው አንድ ሌሊት ቢበላሽ ያልቃልና። ጭማሪው ከተፈጥሮ ቦታቸው ያለ ፈቃድ የሚወሰዱትን እንደማይመለከት በማያሻማ ቃል ይጻፍ። በአፋር የአፍዴራ ሐይቅና በዙሪያው ባሉ ምንጮች ብቻ የሚኖሩት ዳናኪሊያ ፍራንኬቲና አፋኒዮፕስ ስቲያስኒዬ የተባሉት ዓሦች የሚያስፈልጋቸው ጥበቃ እዚያው በመኖሪያቸው ነው፤ ነጥብ ፍለጋ እነርሱን በላስቲክ ቋጥሮ ማምጣት ጥፋት ነው።

ዲቃላ ነጥብ አይሰጠውም። ክርክሩ የሚጠነክረው በቪክቶሪያ ሐይቅ ዓሦች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ወደ ሐይቁ በገባው ናይል ፐርች ምክንያት ከትናንሾቹ የሐይቁ ሲክሊዶች (የቲላፒያ ወገን ዓሦች) እጅግ ብዙዎቹ ተመናምነዋል ወይም ጠፍተዋል፤ የተረፉት ደግሞ በቀላሉ እርስ በርስ ይዳቀላሉ፣ ሴቶቻቸውንም ለይቶ ማወቅ ያስቸግራል። ስለሆነም ከአንድ የሐይቅ ቡድን ሁለት ተቀራራቢ ዝርያዎች በአንድ ገንዳ ከኖሩ የተገኘው ጫጩት እንደማይመዘገብ ደንግጉ።

ደረጃ 5፦ ማረጋገጫውን በሌላ ሰው ዓይን አድርጉ

የሰው ቃል መታመን አለበት፤ ሆኖም ደንቡ ማንንም ከሐሜት የሚጠብቀው ማረጋገጫ ሲኖር ነው። አባሉ ዓሦቹ እንደጣሉ በ10 ቀን ውስጥ ለኮሚቴው ያሳውቅና አንድ ገጽ ቅጽ ይሙላ። ቅጹ የዝርያውን ሳይንሳዊ ስም፣ ወላጆቹ የተገኙበትን ቦታና ቀን፣ የገንዳውን መጠን በሊትር፣ የውሃውን ሙቀትና ፒኤች፣ የተጣለበትን፣ የተፈለፈለበትንና መዋኘት የጀመረበትን ቀን፣ የመጀመሪያ ምግባቸውን፣ በመጨረሻም በሕይወት ያሉትን ጫጩቶች ብዛት ይጠይቅ።

ቀኑ ሲሞላ አንድ አረጋጋጭ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የሚሠራውም ሥራ የተወሰነ ይሁን፦ ወላጆቹን ያያል፣ ጫጩቶቹን ይቆጥራል፣ ሁለቱንም በአንድ ፎቶግራፍ ወይም በተከታታይ ፎቶግራፎች ከዕለቱ ቀን ጋር ያነሳል፣ ቅጹን ከሚያየው ጋር አመሳክሮ ይፈርማል። እጁን ታጥቦ ይግባ፤ መረብ፣ ባልዲ ወይም ቱቦ ከራሱ ቤት ይዞ አይሂድ፣ በሽታ ከገንዳ ወደ ገንዳ የሚጓዘው በእርጥብ ዕቃ ነውና። ርቆ ለሚኖር ወይም ሰው ወደ ቤቱ እንዲመጣ ለማይፈልግ አባል ጫጩቶቹን ወደ ወርሃዊው ስብሰባ ማምጣትና ወላጆቹን በቪዲዮ ማሳየት እንደ አማራጭ ይፈቀድ። ብቻዋን የምትኖር ሴት የማታውቀውን ሰው ቤቷ እንድታስገባ ማስገደድ ተገቢ አይደለም።

አረጋጋጩ የአባሉ የቤተሰብ አባል፣ የንግድ ሸሪክ ወይም ዓሦቹን የሸጠለት ሰው መሆን የለበትም። የኮሚቴ አባላት ራሳቸው ያራቡትን ሲያስመዘግቡ ከኮሚቴው ውጭ የሆነ ሰው ያረጋግጥ፣ ነጥቡ ሲወሰንም ከክፍሉ ይውጡ። ክበቡ ትንሽ ሲሆን ይህ አስቸጋሪ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ግን በትንሽ ክበብ ውስጥ ነው ሰው ሁሉ ስለ ሁሉ የሚያወራው። ኮሚቴው በ30 ቀን ውስጥ መልስ ይስጥ፤ ካልሰጠ በሠንጠረዡ ላይ ያለው እርከን የጸደቀ ይሁን።

ደረጃ 6፦ እውቀቱና ጫጩቱ እንዲዳረስ አድርጉ

ከነጥቡ ሩብ ያህሉን አባሉ ልምዱን እስኪያካፍል አቆዩት። ሁሉም ሰው ግን መጻፍ አይወድም፣ በክበቡ የሥራ ቋንቋም እኩል አይናገርም። በዋሽንግተን፣ በቶሮንቶ ወይም በቴል አቪቭ አካባቢ በሚገኝ ክበብ ውስጥ ያለ አማርኛ ተናጋሪ በአማርኛ ተናግሮ ሌላ አባል ሊተረጉምለት ይችላል። የአሥር ደቂቃ የቃል ገለጻ፣ አንድ ገጽ ጽሑፍ ወይም በፎቶ የተደገፈ ማብራሪያ እኩል ይቆጠሩ። ገለጻው የሚመልሳቸው ጥያቄዎች ግን አይለወጡም፦ ምን ውሃ፣ ምን ምግብ፣ ምን ተበላሸ፣ ምን ተስተካከለ። ያልተሳካው ሙከራም ይነገር፤ ለቀጣዩ ሰው ከስኬቱ እኩል ይጠቅመዋልና።

ከጫጩቶቹ ስድስቱ ለክበቡ ጨረታ ይቅረቡ፤ ከሽያጩ ግማሹ ለአባሉ፣ ግማሹ ለፕሮግራሙ ወጪ ይዋል። እዚህ ላይ አንድ ጥብቅ ክልከላ አስገቡ፦ የተረፈ ዓሣ ወደ ወንዝ፣ ሐይቅ ወይም ኩሬ የለቀቀ አባል ከፕሮግራሙ ይሰናበታል። ጋፒ ከደቡብ አሜሪካ ተነስቶ በብዙ የዓለም ክፍሎች ውሃ ውስጥ የሰፈረው ሰዎች ለቀውት ነው። ነጥብ ፍለጋ የሚያራባ ሰው ቦታ የሌለው ጫጩት በእጁ ሊበዛ ስለሚችል፣ ቅጹ ላይ «ጫጩቶቹ የት ይሄዳሉ?» የሚል ጥያቄ ይኑር፤ መልስ ያልተሰጠበት ቅጽ አይጽደቅ።

ደረጃ 7፦ ማዕረጉን ብዙ ገንዳ ለሌለውም ክፍት አድርጉ

ማዕረግ በነጥብ ድምር ብቻ ከተሰጠ ብዙ ገንዳ ያለው ሰው ቀላል ዝርያዎችን ደርድሮ ቀድሞ ይደርሳል። ስለዚህ ድምሩን ከስፋት ጋር አያይዙት። ለምሳሌ «አራቢ» ለመባል 50 ነጥብ ከቢያንስ ሦስት የዓሣ ቤተሰቦች (የተቀራራቢ ዝርያዎች ምድቦች)፣ «ሊቀ አራቢ» ለመባል 150 ነጥብ፣ ከእርሱም ቢያንስ 60ው ከ15 እና ከ20 ነጥብ እርከኖች መሆን አለበት ብላችሁ ደንግጉ። ከ5 ነጥብ እርከን የሚቆጠረውም በጠቅላላው ከ50 እንዳይበልጥ ወስኑ።

ለማዕረግ ጊዜ አትገድቡ። በሁለት ዓመት የደረሰውም በአሥር ዓመት የደረሰውም አንድ የምስክር ወረቀት ያግኝ። የዓመቱን ሽልማት መስጠት ከፈለጋችሁ ሁለት መደብ አድርጉት፦ እስከ አራት ገንዳ ላላቸው፣ ከዚያ በላይ ላላቸው። ገንዳውን የሚቆጥረው አባሉ ራሱ ነው፤ በአረጋጋጭነት ቤቱ የሄደው ሰውም አይቶታል። ሽልማቱ ገንዘብ ባይሆን ይመረጣል፤ የምስክር ወረቀት፣ መጽሐፍ ወይም የፊልተር ስፖንጅና ሕያው ምግብ ማርቢያ ዕቃ የበለጠ ያገለግላል።

በአንድ ቤት የሚኖሩ ባልና ሚስት ወይም አባትና ልጅ እንዴት ይመዝገቡ? የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ገንዳውን በየዕለቱ የሚንከባከበው ሰው በስሙ ያስመዝግብ፤ አንድ እርባታ በሁለት ስም አይመዝገብ። ልጆች ለብቻቸው የሚወዳደሩበት መደብ ቢኖርም መልካም ነው።

ደረጃ 8፦ ይግባኝ፣ ለውጥና የሙከራ ጊዜ

በእርከን ወይም በማረጋገጫ ቅር የተሰኘ አባል በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ያመልክት። ይግባኙን በመጀመሪያው ውሳኔ ያልተሳተፉ ሦስት አባላት ይዩትና ውሳኔያቸውን ከምክንያቱ ጋር ይጻፉ። ሐሰተኛ ምዝገባ ሲጠረጠር አባሉ ቀርቦ እስኪሰማ ድረስ ጉዳዩ በስብሰባ አይነሳ፤ ከተረጋገጠ ግን የዚያ እርባታ ነጥብ ይሰረዝ፣ ከተደጋገመም አባሉ ከምዝገባ ይታገድ።

የአንድ ዝርያ እርከን በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይከለስ፤ ለውጡም ወደ ኋላ አይሠራ። ዛሬ 20 ነጥብ ያለው ዝርያ የአረባቡ መንገድ ታውቆ ከዓመታት በኋላ 15 ሊሆን ይችላል፤ መንገዱን ያሳየው የመጀመሪያው አባል ግን 20 ነጥቡን ይዞ ይቀጥላል። እንዲያውም በክበቡ ውስጥ አንድን ዝርያ ለመጀመሪያ ጊዜ ላራባ ሰው 5 ነጥብ ጭማሪ ቢሰጥ ያልተሞከረውን ለመሞከር ያደፋፍራል።

የመጀመሪያውን ዓመት የሙከራ ብላችሁ አስታውቁ። በዚያ ዓመት ነጥብ ይመዝገብ፣ ማዕረግ ግን አይሰጥ፤ ዓመቱ ሲያልቅ ማን ምን እንዳስመዘገበ፣ የትኛው እርከን ብቻውን እንደሞላ፣ ማን ቅጽ ወስዶ ሳይመልስ እንደቀረና ለምን እንደሆነ ኮሚቴው አባላትን ጠይቆ ሠንጠረዡን ያስተካክል። የተመዘገበውም ነጥብ በተስተካከለው ሠንጠረዥ ተሰልቶ ወደ ሁለተኛው ዓመት ይሻገር፤ በስሌቱ የሚቀንስበት አባል ካለ የቀድሞው ነጥብ ይጽናለት። ፕሮግራሙ ከመጀመሩ በፊት የተካሄዱ እርባታዎች በማስረጃ ሊረጋገጡ ስለማይችሉ አይቆጠሩም፤ ነባር አራቢዎች ግን የመጀመሪያዎቹ አረጋጋጮች ሆነው እንዲያገለግሉ ይጋበዙ።